ከአዲሰን እስከ 35ኛ ጎዳና፦ ደብዳቤ ለልጄ

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ እንደሚያስቅሽ አውቃለሁ። ነገር ግን ባለፈው እሑድ የቤዝቦል ቡድኑን የዋይት ሶክስን ጥቁር ኮፍያ አድርገሽ ለምሳ ስትመጪ ዝም ያልኩት ተቆጥቼ እንደሆነ እናትሽ ነግራሻለች፤ እኔ ደግሞ አልተቆጣሁም፣ ደነገጥኩ እንጂ። በስልክ ብናገረው ስለምትስቂብኝና ወሬው ስለሚቋረጥ በጽሑፍ ላስረዳሽ ፈለግኩ።

የቺካጎው ሌላ የቤዝቦል ቡድን የካብስ ደጋፊ ያደረግኩሽ እኔ ነኝ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ቡድኑን መርጬው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1998 በጋ ቺካጎ ስገባ እንደ ብዙው የአገራችን ሰው ኤጅዋተር ሰፈር አረፍኩ፤ ሥራዬ መሃል ከተማ ካለ መኪና ማቆሚያ ስለነበረ በየጠዋቱ ከቶርንዴል በሬድ ላይን ባቡር ተሳፍሬ ጃክሰን እወርድ ነበር። ባቡሩ አዲሰን ሲደርስ ሐዲዱ ከመሬት ከፍ ያለ ስለሆነ የካብስ ስታዲየም ሪግሊ ፊልድ ከመስኮቱ ይታያል። ያ በጋ የካብሱ ሳሚ ሶሳ 66 ሆምረን የመታበት ነበር። እኔ ሆምረን ኳሱን ከሜዳው አጥር ማዶ የሚያሳርፍ ምት መሆኑን እንኳ ሳላውቅ፣ ሰማያዊ ማሊያ የለበሰው ሕዝብ አዲሰን ላይ እየተጋፋ ገብቶ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን ስንቆም፣ ሰው በብዛት ያገኘሁበት ቦታ እሱ ብቻ ስለነበረ ቡድኑን ወደድኩት። በኋላ ከውጤት ሰሌዳው በላይ የሚሰቀለውን ባንዲራ ማንበብ ተማርኩ፤ በነጭ መደብ ላይ ሰማያዊ «ደብልዩ» ካለበት አሸንፈዋል፣ በሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ «ኤል» ካለበት ተሸንፈዋል። በባቡር የሚያልፍ ሰው ውጤቱን እንዲያውቅ ተብሎ የተጀመረ ልማድ ነው ይባላል፤ እኔም ከሥራ ስመለስ ለዓመታት የተጠቀምኩበት ለዚሁ ነው።

ከጃክሰን ወዲያ ባቡሩ የት እንደሚሄድ ግን ጠይቄ አላውቅም። አንቺ ኢሊኖይ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ፣ የረሳሽውን ብርድ ልብስ ላደርስልሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጃክሰን አልፌ ተጓዝኩ። ባቡሩ ከሩዝቬልት በኋላ ከምድር ውስጥ ወጣ፣ ቻይናታውንን አለፈ፣ ከዚያም በዳን ራያን ሃይዌይ መካከል መኪኖቹን ግራና ቀኝ አድርጎ ሲሮጥ ሌላ ከተማ የገባሁ መሰለኝ። ሶክስ-35ኛ ጣቢያ ስወርድ ስታዲየሙ በምዕራብ፣ ትምህርት ቤትሽ በምሥራቅ ነበር። አባት በባቡር መስኮት ያየውን ቡድን ከወደደ ልጅ ከመኝታ ቤቷ ማዶ ያለውን ብትወድ ምን ይገርማል? ይህን ግን የተረዳሁት ከእሑዱ ምሳ በኋላ ነው።

ካሰብኩት በኋላ ስለ ሁለቱ ሜዳዎች ማንበብ ጀመርኩ። የቺካጎ የቤት ቁጥር የሚቆጠረው ስቴትና ማዲሰን ጎዳናዎች ከሚገናኙበት መሆኑን ታውቂያለሽ፤ አዲሰን ወደ ሰሜን 3600 ላይ ነው፣ የእናንተው 35ኛ ጎዳና ወደ ደቡብ 3500 ላይ። ሁለቱን የሚለያያቸው 13 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፣ ባቡሩ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል፤ የትም ብትወርጂ ዋጋው ያው ነው። በ1914 የተከፈተውን ሪግሊን የነደፈው ዛካሪ ቴይለር ዴቪስ፣ ከእሱ በፊት በ1910 የተከፈተውን የድሮውን የሶክስ ስታዲየም ኮሚስኪ ፓርክንም የነደፈ ሰው ነው። የአሁኑ የሶክስ ስታዲየም ከድሮው ማዶ በ1991 ተከፍቶ ስሙ ደጋግሞ ስለተቀያየረ እኔ ኮሚስኪ ማለቴን አልተውም፤ ታገሺኝ። ሁለቱ ቡድኖች በዎርልድ ሲሪስ፣ በዓመቱ የሻምፒዮና ፍጻሜ፣ የተገናኙት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1906 ነው። ካብስ በዚያ ዓመት 116 ጨዋታ አሸንፎ የመጣ ቢሆንም፣ ኳስ መምታት አይችልም ተብሎ የተቀለደበት ሶክስ በጨዋታ ብዛት 4 ለ2 ረታው። ይህን ለጓደኞችሽ አትንገሪ፤ ምናልባት አስቀድመው ነግረውሽ ይሆናል።

ከሁሉ ያቆየኝ ግን የቢል ቪክ ታሪክ ነው። አባቱ የካብስ ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ ልጁም ካብስ ውስጥ እየሠራ አደገ፤ በ1937 ዛሬ ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሣበትን ሐረግ በሪግሊ ግድግዳ ላይ ካስተከሉት አንዱ እሱ ነው። ይኸው ሰው በ1959 ሄዶ ሶክስን ገዛ! በማግስቱ ዓመት ደግሞ ሆምረን በተመታ ቁጥር ርችት የሚተኩስ የውጤት ሰሌዳ አቆመላቸው። አባትየው ያኔ በሕይወት አልነበሩም፤ ቢኖሩ ኖሮ ልጃቸው ለእሑድ ምሳ ሲመጣ ምን ይሉት እንደነበር ደጋግሜ አስባለሁ።

በእኔ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ጊዮርጊስና ቡና የሚጋጠሙት በአንድ ስታዲየም ነበር፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር በአንድ ታክሲ ሄደን በር ላይ እንለያይ ነበር። እዚህ አገር እያንዳንዱ በየሜዳው ስለሆነ አብሮ መሄዱ ቀርቷል። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሁለቱም ቡድኖች በአንድ ቀን በየሜዳቸው የሚጫወቱበት ጊዜ ብዙ አይደለም፤ ሲገጥም ግን ካብስ በቀን፣ ሶክስ በምሽት ከተጫወቱ ሁለቱንም ማየት ይቻላል። የሪግሊ የቀን ጨዋታ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ከ20 ላይ ቢጀምር፣ ከ2023 ወዲህ ለኳስ ወርዋሪው ሰዓት ስለተቆጠረበት 10 ሰዓት አካባቢ ያልቃል። ያኔ አዲሰን ላይ መጋፋት አያስፈልገንም፤ አንድ ጣቢያ ወደ ሰሜን በእግራችን ወደ ሸሪደን ሄደን፣ ሕዝቡ ከመግባቱ በፊት ተቀምጠን እንመጣለን። ቻይናታውን ወርደን እራት እንበላለን፤ ከዚያ አንድ ጣቢያ ብቻ ይቀረናል። የምሽቱ ጨዋታ ብዙ ጊዜ ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት ስለማይጀምር ጊዜው ይበቃል።

ቲኬቱን እኔ እቆርጣለሁ፤ አንቺ ቀኑን ፈልጊ። ሹራብ ያዢ፣ ምሽት ላይ የሐይቁ ነፋስ ይበርዳል ብላሻለች እናትሽ። ጨዋታው ሲያልቅ አንቺ በድልድዩ ተሻግረሽ ወደ መኝታሽ ግቢ፤ ሬድ ላይን ሌሊቱን ሙሉ ስለሚሠራ ስለ እኔ መመለሻ አታስቢ። ቶርንዴል ስደርስ እደውልልሻለሁ።

አባትሽ