የፀጉር አያያዝ ክበብ ዓመት፤ መላጣው ኃላፊ እንደሚያየው

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ዓመቱን ሙሉ ስሰማው የከረምኩትን ቀልድ እዚሁ ላውጣውና እንገላገል፤ «መላጣ የፀጉር ክበብ ሲመራ አየን!» እውነት ነው፣ መላጣ ነኝ። በዚያ ላይ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ላይ ከሥርዓተ ፆታ ክበብ ወጥተው «የራሳችን ክበብ ይኑረን» ያሉት ተማሪዎች ኃላፊ የሚሆናቸው መምህር አጥተው ነበር። የክበባት ኃላፊዎች በተመደቡበት ስብሰባ አርፍጄ ስገባ ስሜ ተጽፎ ጠበቀኝ። እንደ ቅጣት የተሰጠኝን ሥራ እንዴት እንደወደድኩት ለመናገር ነው ይህን የምጽፈው። ለመለመንም ነው፤ ልመናውን ወደ ኋላ አቆየዋለሁ።

«ይህ ትምህርት ቤት ነው ወይስ የውበት ሳሎን?» ላሉኝ ባልደረቦቼ መልስ አለኝ። ጠዋት ሰልፍ ካበቃ በኋላ በር ላይ የሚቆሙትን ልጆች ጠይቋቸው። ታክሲ አጥተው የዘገዩ አሉ፤ ታናናሾቻቸውን ሲያለብሱ የዘገዩ አሉ፤ ከፀጉራቸው ጋር ሲታገሉ የዘገዩም ጥቂት አይደሉም። ከርዳዳ ፀጉር በየጠዋቱ በደረቁ ሲበጠር ይሰበራል። የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ወዝ ለስላሳና ቀጥ ያለውን ፀጉር ተከትሎ በቀላሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ የእኛን ዓይነት ጥምዝ ላይ ግን መንገድ ላይ ይቀራል፣ ጫፉም ይደርቃል። በየመታጠፊያው ደግሞ የመሰበሪያ ቦታ አለው። ስለዚህ ፀጉሩን አንድ ጊዜ በሥርዓት ሠርቶ ለሁለት ሳምንት ያህል አለመነካካት ጥበቃ ነው፤ ቁንጅናው ምርቃት ነው።

ሹሩባስ የት ሄዶ የሚለኝ ይኖራል። ሹሩባ ክብር ይገባዋል፤ ነገር ግን እጅ ይፈልጋል። ጥሩ ጎንጓኝ በየቤቱ የለችም፤ ያለችውም ታስከፍላለች። አጥብቃ የምትሠራ ከሆነች ደግሞ የግንባርና የጆሮ ግንድ ዳር ፀጉር እየሳሳ ይሄዳል። መጎተቱ ለዓመታት ከቀጠለ የሄደው ፀጉር ጭራሽ ላይመለስ ይችላል። ይህን ከእኔ ስሙ፣ የተመለሰ ፀጉር አላየሁም። እኛ የመረጥነው ከሁሉ የቀለለውን ነው፤ ሳሎኖች «ትዊስት» ይሉታል፣ ልጆቹ «ግምድ» ብለው ሰየሙት። ፀጉሩን አርጥቦ፣ ቅባት ነክቶ፣ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ሥር እየወጡ በሰፊ ጥርስ ሚዶ መፍታት፤ ከዚያ በየክፍሉ ከፍሎ እያንዳንዱን ክፍል ለሁለት ዘለላ ማካፈልና መግመድ። በቃ። ለመጎንጎን ሦስት ዘለላ ያስፈልጋል፤ ለግምድ ሁለት ይበቃል።

መጀመሪያ ላይ የሁሉም ግምድ ክፍል ሳይጠናቀቅ ይፈታ ነበር። እዚህ ላይ ነው ፊዚክስ የጠቀመኝ። ሁለቱን ዘለላ ዝም ብሎ ማጠላለፍ አይያዝም። መጀመሪያ እያንዳንዱን ዘለላ ለብቻው ወደ ቀኝ ማክረር፣ ቀጥሎ ሁለቱን እርስ በርስ ወደ ግራ መግመድ ያስፈልጋል። አንዱ ዘለላ ልፈታ ብሎ ሲታገል ሌላውን ያጠብቀዋል። ሰሌዳ ላይ በቀስት ሥዬ ስጨርስ ከገጠር የመጣ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እጁን አወጣና «መምህር፣ ይህ እኮ የቃጫ ገመድ አሠራር ነው፤ አባቴ በጉልበቱ ላይ ነው የሚያከረው» አለ። ግማሽ ሰዓት የፈጀሁበትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መለማመጃችን ቃጫ ሆነ፤ በወንበር መደገፊያ ላይ አስረን እንገምዳለን። መለማመጃ የአሻንጉሊት ራስ ለመግዛት ያቀረብነው ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።

መደበኛ ስብሰባዎቻችን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነበሩ። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተሰብስበናል፤ ቃለ ጉባኤው ጸሐፊዋ ዘንድ አለ፣ ማንበብ የሚፈልግ ካለ አደንቀዋለሁ። በ34 አባላት ጀምረን በ21 ጨርሰናል። የቀነስንበት ምክንያት አንድ ሚዶ ለሁሉም ስንጠቀም ማየታቸው ያሳሰባቸው ወላጆች «ቆረቆር ታስይዙብናላችሁ» ብለው በማማረራቸው ነው። ትክክል ነበሩ። አሁን እያንዳንዱ አባል የራሱ ሚዶ አለው፣ ስሙም ተጽፎበታል። ሌላው ጥፋታችን የተልባው ነው። ተልባ ተቀቅሎ ሲጠለል የሚወጣው ዝልግልግ ፈሳሽ ግምድን ለመያዝ ከሱቅ ጄል አያንስም፤ ችግሩ በቤተ ሙከራው ምድጃ ላይ ጥደነው ስለ ለጋ ቅቤና ስለ ጉሎ ዘይት ክርክር ውስጥ ገባን። ሲገነፍል ያየ የለም። የቤተ ሙከራው ቁልፍ ከዚያ በኋላ አልተሰጠንም፤ አልፈርድም።

የወንዶቹን ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ሰባት ናቸው። በትምህርት ቤቱ ደንብ ወንድ ፀጉሩን መሠራት አይችልም፣ እኛም ደንቡን አክብረናል፤ ወንዶቹ የሚሠሩት ለሌላ ሰው ነው። ሆኖም በሚኒ ሚዲያ «ወንድ ልጅ ሚዶ ይዞ» እየተባለ ሲቀለድ በቀጣዩ ረቡዕ የአፄ ቴዎድሮስን ሥዕል ይዤ ገባሁ። የቴዎድሮስ ሹሩባ በሀገራችን ሥዕል ሁሉ ላይ አለ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸው ካለፈ በኋላ የፀጉራቸው ቁራጭ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ፣ ለንደን ያለው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም መጋቢት 2011 ዓ.ም. ላይ ለኢትዮጵያ መለሰው። «ለዚህ ሁሉ ዓመት ሰው የተሟገተበት ፀጉር ነው» አልኳቸው። በሚቀጥለው ሳምንት የሚኒ ሚዲያው አዘጋጅ ራሱ ለመመዝገብ መጣ። ዳይታ የሚባለው የአፋር ወንዶች የፀጉር አሠራር ሲነሳ፣ የሐመር ሴቶች ፀጉራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር ለውሰው የሚጠመልሉት ሲነሳ፣ የክበቡ ክርክር በየሳምንቱ እየሰፋ ሄደ። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትኖግራፊ ሙዚየም ይታየን የሚል ጥያቄ የመጣውም ከዚያ ነው።

የሄድነው የካቲት ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የእግር ኳስ ቡድናችን ለአንድ ግጥሚያ አውቶቡስ ተከራይቶለት እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ እኛ በከተማ አውቶቡስ ሁለት ጊዜ ተሳፍረን ደረስን። ከወንዶቹ አንዱ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ታናሽ እህቱን ይዞ መጣ። ስድስት ዓመቷ ነው። «አያቴ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነው፣ የሚጠብቃት የለም» አለኝ፤ ልመልሰው ነው ብሎ ፈርቶ ነበር። ይህ ልጅ ከጥቅምት ጀምሮ አንድ ቀን ሳይቀር የመጣ፣ ኋላ ወንበር ላይ ቃጫውን ሲገምድ የሚውል፣ ካልጠየቁት የማይናገር ነው።

ሙዚየሙ ያለው በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ዕቃዎቹ የሰውን ዕድሜ ተከትለው፣ ከልጅነት እስከ ሞት ስለተደረደሩ ልጆቹ በየደረጃው ፀጉር ፍለጋ ያዙ፤ ቁንጮ፣ ጋሜ፣ ሳዱላ እያሉ ከአያቶቻቸው የሰሙትን ያነሳሉ። ከሁሉም የያዛቸው ግን ከእንጨት የተፈለፈለው ብርኩማ ነው። ፀጉሩን አሰማምሮ የተሠራ ሰው ሌሊት እንዳይጨፈለቅበት አንገቱን የሚያሳርፍበት ነው። እኛ ማታ ማታ በሳቲን ሻሽ ጠቅልላችሁ ተኙ እያልን ስንመክር ከርመናል፤ አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ብርኩማውን ለረጅም ጊዜ ተመልክታ «ይኼ የሻሽ አያት ነው ማለት ነው» አለች። የጎበኘነውን ሁሉ ከዚህ አሳጥሮ የጻፈ አላገኘሁም።

በሁለት ምድብ ተከፍለን ስለገባን ቀድመው የወጡት በግቢው ይጠብቁ ነበር። ሕንፃው ፊት ለፊት ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ የሠሩት፣ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ የሲሚንቶ ደረጃ አለ፤ ጫፉ ላይ በኋላ አንበሳ ተቀምጦበታል። ስወጣ ልጁ የደረጃው ሥር ተቀምጧል፣ እህቱ በጉልበቶቹ መካከል ናት። አውቶቡስ ውስጥ ሹራቧን ስታወልቅ በስተቀኝ ያሉት ግምዶቿ ተፈትተውባታል። ከኪሱ ሚዶ አወጣ፤ በብልቃጥ ቅባት፣ በትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ። ውኃውን በመዳፉ ይዞ ረጨት፤ ጠብ ሲልባት ትስቃለች። ከጫፍ ጀመረ። እያንዳንዱን ዘለላ ሲያከር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ቀረብ ስል ሰማሁት፣ «ቀኝ፣ ቀኝ፣ ግራ» ይላል። እሷ ቆሎዋን ትቆረጥማለች፣ አንድም ጊዜ «አመመኝ» አላለችም። ሌሎቹ አባላት ዝም ብለው ቆመው ያዩታል፤ ይህ ለእኛ ክበብ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ዝም የሚባልበት ቀን የለንም።

ለጉብኝት የመጡ አንዲት እናት አጠገባቸው ቆሙ። «አንተ ልጅ፣ ማነው ያስተማረህ?» አሉት። በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። ሴትየዋ ዞረው አዩኝ፣ ዓይናቸው ቀስ ብሎ ወደ አናቴ ወጣ፣ ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሄዱ። ተማሪዎቼ ሲስቁ የግቢው ጥበቃ መጥቶ ተቆጣን።

ሲጨርስ «መምህር፣ በስልክዎ አንድ ፎቶ ያንሱልኝ» አለኝ። እናቱ ቤይሩት በሰው ቤት ሥራ ላይ እንዳሉ ያወቅኩት ያኔ ነው። ከሄዱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። አያቱ ዓይናቸው ስለደከመ የልጅቷን ፀጉር በየወሩ ያስላጯት ነበር፤ እናት ደግሞ በስልክ ባዩዋት ቁጥር ያለቅሳሉ። ፎቶውን ላክንላቸው። ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ የድምፅ መልእክት መጣ፤ ልጁ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ አዳመጠና መለሰልኝ። ምን እንዳሉ ጠየቅኩት። «ማን ሠራላት፣ ስንት ከፈላችሁ ነው የሚሉት» አለኝ።

ይህ ዘገባ ሲጻፍ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ለብሔራዊ ፈተና ወደ ተመደቡበት ዩኒቨርሲቲ ሊሄዱ ነው። እዚያ ሲያድሩ ለፀጉር የሚጠፋ ጠዋት እንዳይኖራቸው ክበቡ ቅዳሜ ዕለት ለ14 ሴት ተማሪዎች ግምድ ሠርቷል። ውኃ ስላልነበረ ከጥበቃ ቤቱ በጀሪካን ለምነን ነው። በግቢያችን ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን እንደሚመጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እንደ አጋጣሚ ሁለቱም ቀናት ረቡዕ አይደሉም።

እንግዲህ ልመናው ይኸውላችሁ። አንድ ሮቶ፣ ትንሹም ይበቃናል። አንድ ቁም መስታወት፤ አሁን የምንጠቀመው በክፍሉ መስኮት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲዞር አያሳይም። ሁለት የመለማመጃ ራስ። ከወላጆች መካከል ሳሎን ያላችሁ ካላችሁ በወር አንድ ረቡዕ እጃችሁን አበድሩን። ለሚቀጥለው ዓመት እስካሁን 40 ተማሪ ተመዝግቧል፣ ቃጫው ደግሞ አልቋል።