የደብሩ መጽሐፍ ሲቀዳ ቅጂው ደብሩ ዘንድ ይቅር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የአድባራትና የገዳማት ብራና መጻሕፍት በዲጂታል ተቀድተው በበይነ መረብ ለሕዝብ ይቅረቡ የሚለው ሐሳብ ከየአቅጣጫው ይሰማል። እኛም በሙሉ ልብ እንደግፈዋለን። ይሁንና ካሜራ ይዞ ገጠር መውረድ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። ነገሩ የሚበላሸው ፎቶው ከመነሣቱ በፊትና ከተነሣ በኋላ ስለሆነ ስለዚሁ ጥቂት ለማለት ወደድን።

ብዙ ጊዜ ቀጂው ተአምረ ማርያም ወይም ስንክሳር ሲያገኝ ዋናውን ጽሑፍ አንሥቶ ይመለሳል። ተአምረ ማርያም በብዙ ደብር አለ። የዚያ ደብር ታሪክ ግን ያለው በኅዳጉ፣ በፊተኛውና በኋለኛው ባዶ ቅጠል ላይ ነው። መሬቱን ማን እንደሰጠ፣ መጽሐፉን ማን እንዳጻፈው፣ ዕቃ ቤቱ ስንት መስቀልና ስንት ጽና እንደነበረው፣ የማን ስም ተፍቆ የማን እንደገባ የሚታወቀው ከዚያ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በ13ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ ሲሆን ከወንጌሉ ቃል ሌላ ለገዳሙ የተሰጡ መጻሕፍትን ዝርዝር ይዞልናል። የንጉሥ ላሊበላ የርስት ስጦታም በሽመዛና (ኤርትራ) ደብረ ሊባኖስ ወንጌል ላይ ተጽፎ ነው የተገኘው። ስለዚህ መጽሐፉ ከገበታ እስከ ገበታ (ከፊተኛው እስከ ኋለኛው የእንጨት ሽፋን) ይነሣ፤ ጀርባውም፣ ማኅደሩም፣ ምንም ያልተጻፈበት ቅጠልም ሳይቀር። ሥዕል በጨርቅ ተጋርዶ ከሆነ አንዴ ከነጨርቁ፣ አንዴ ጨርቁ ተገልጦ ይነሣ። ስሙ የተፋቀ ሰው ካለ መብራቱን ከአንድ ጎን ዝቅ አድርጎ ሌላ ፎቶ መጨመር የፍቀቱን ቦታ ያሳያል።

ብራና በስካነር መስተዋት ላይ አይዘረጋም፤ ስፌቱ ይበጠሳል፣ ገበታው ይሰነጠቃል። መጽሐፉ ከ100 እስከ 110 ዲግሪ ብቻ ተከፍቶ በሁለት በኩል በስፖንጅ ወይም በታጠፈ ጨርቅ ይደገፍ፣ ካሜራው ከሚነሣው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ይታሰር። ፍላሽ አያስፈልግም፤ ሁለት የኤልኢዲ መብራቶች ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ይበቃሉ። ሃሎጂን መብራት ግን ስለሚያሞቅ ብራናው እርጥበቱን አጥቶ እዚያው ይጨማደዳል። እጅ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ እንጂ የጥጥ ጓንት አይመከርም፤ የቅጠሉን ጠርዝ አላስዳስስ ብሎ ያስቀድዳል። የቀለም መለኪያ ካርድና ማስመሪያ ቢያንስ በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ይግቡ፤ ካልገቡ ቀዩ ቀለም ምን ያህል ቀይ እንደነበር፣ መጽሐፉም ምን ያህል ትልቅ እንደነበር ኋላ ማንም አያውቅም።

በጣም የሚደጋገመው ጥፋት የቅጠል መዝለል ነው። የጧፍ ሰም ሁለት ቅጠል ያጣብቅና አብረው ይገለጣሉ። መፍትሔው ከማንሣት በፊት ቅጠሉን ሁለት ሰው ለየብቻ ቆጥሮ ቁጥሩን መመዝገብ፣ ሲያልቅም ከፎቶው ቁጥር ጋር ማመሳከር ነው። 160 ቅጠል ያለው መጽሐፍ ከገበታዎቹ ሌላ 320 ፎቶ ሊኖረው ይገባል፤ 318 ከሆነ ከደብሩ ሳይወጡ መፈለግ ነው። ሰሙን በጥፍር መፋቅ ግን ፊደሉንም ይዞት ስለሚነሣ ለጥገና ባለሙያ ይተው። በአንድ ካሜራ የፊት ገጾችን ሁሉ ካነሡ በኋላ የጀርባዎቹን የሚያነሡም አሉ። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አንድ ቅጠል ከተዘለለ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛነፋል። ቅጠሉ በተገለጠ ቁጥር የገጹ ከፍታ ስለሚለወጥ ጥራቱ (ፎከሱ) በየ20 ቅጠሉ እንደገና ይስተካከል።

ለ30 ሳንቲ ሜትር ቁመት ገጽ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ይበቃል፤ በአንድ ኢንች ከ300 ነጥብ በታች ላለመውረድ ነው። አንዱ ገጽ ባልተጨመቀ የፎቶ ፋይል (ቲፍ) ሲቀመጥ 72 ሜጋባይት ገደማ ስለሚሆን ከላይ ያልነው ባለ 160 ቅጠል መጽሐፍ 23 ጊጋባይት ይወስዳል። የፋይሉ ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ ይሁን፣ ቁጥሩም ከ001 ይጀምር። 1፣ 10፣ 2 እያለ የሚደረደር ፋይል ብዙ ሰው አድክሟል።

መግለጫ የሌለው ፎቶ ግን ቤተ መዛግብት አይባልም። ዘመን ሲመዘገብ መጽሐፉ ላይ እንዳለው ይጻፍ፤ ስሌቱ በሌላ ዓምድ ይከተል። 7000 ዓመተ ዓለም 5500 ሲቀነስለት 1500 ዓ.ም. ይሆናል፤ በአውሮፓውያኑ ደግሞ 1507/08። በድሮ መጻሕፍት «ዓመተ ምሕረት» ሲባል አንዳንዴ በየ532 ዓመቱ እንደገና ከአንድ የሚጀምረው የዐውደ ቀመር ቁጥር ስለሆነ እንዳለ የወሰደው መዝጋቢ በመቶዎች ዓመት ይሳሳታል። የሰውና የቦታ ስምም እንደተጻፈው በአንድ ዓምድ፣ ሆሄው ወጥ ተደርጎ በሌላ ዓምድ ይቀመጥ። ሠና ሰ፣ ሐና ሀ፣ ፀና ጸ ስለሚለዋወጡ «ሥላሴ» ብሎ የፈለገ ሰው «ስላሴ» ተብሎ የተመዘገበውን አያገኝም። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የፊደል ፕሮግራሞች የተተየቡ ቃለ ጉባኤዎችና የምረቃ መጽሔቶችም ዛሬ ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ ምልክት እየሆኑ ነውና፣ የተየባቸው ሰው በሕይወት ሳለ ይቀየሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ቅጂው የት ይቀመጣል? እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ በርካታ ሺህ መጻሕፍትን ቀድቶ አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላውን አሜሪካ ኮሌጅቪል አስቀምጧል። የነዶክተር ጌታቸው ኃይሌ የካታሎግ ሥራም በእሱ ላይ የቆመ ነው። ትልቅ ውለታ ነው። ያም ሆኖ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ማንበቢያ ማሽንም ይፈልጋል፤ የመጽሐፉ ባለቤት የሆነው ደብር ሊጠቀምበት አይችልም። ዛሬ ይህ ሰበብ የለም። ከቲፉ የተዘጋጀ ጄፔግ (ተጨምቆ ያነሰ የፎቶ ፋይል) በአንድ ፍላሽ ዲስክ ይገባል፣ የአብነት ተማሪም በስልኩ ሊያነበው ይችላል። ቀጂዎቹ ደብሩን ሳይለቁ የፎቶው ቅጂና የታተመ ዝርዝር ለሰበካ ጉባኤው በፊርማ ይሰጥ። ሁለተኛው ቅጂ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት)፣ ሦስተኛው ሌላ ከተማ ይቀመጥ። ሁሉንም ለአንድ ድረ ገጽ ማስረከብ እንደማያዋጣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የብሪቲሽ ላይብረሪ በሳይበር ጥቃት ሲመታ አይተናል፤ በድረ ገጹ የነበሩት ብራናዎች ለረጅም ጊዜ አልታዩም። ዲስክም ሳይታወቅ ይበላሻል። ፋይሎቹ ሲቀመጡ ቼክሰም (ፋይሉ አለመለወጡን የሚያሳይ መለያ ቁጥር) ይሠራላቸውና በየዓመቱ ይመሳከር።

ሁሉም ነገር ደግሞ አይለቀቅም። የስልክ ፎቶ ብዙውን ጊዜ የቦታውን ጂፒኤስ በውስጡ ይይዛል፤ ለሕዝብ በሚወጣው ቅጂ ላይ ካልተሰረዘ ቅርስ ሌባን እስከ ዕቃ ቤቱ በር ይመራል። የክርስትና መዝገብና በሕይወት ያሉ ሰዎች የተካሰሱበት ቃለ ጉባኤም ይቆይ። ምን እንደሚታይ፣ ምን እንደማይታይ ከአለቃውና ከሰበካ ጉባኤው ጋር በጽሑፍ ይስማሙ እንጂ በቃል ብቻ አይለያዩ።

የአባቶች ቃልም ከመጽሐፉ ጋር ይቀዳ። ያልተጨመቀ ድምፅ (48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ሁለት ቻናል) በሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ነው፣ አይከብድም። የተናጋሪው ስም፣ ቀኑ፣ ቦታውና ፈቃዱ በመጀመሪያ በራሱ አንደበት ይነገር። በሐረርና በወሎ በየመስጊዱና በየቤቱ ላሉት የዐረብኛና የዐጀሚ (በዐረብኛ ፊደል በአገር ቋንቋ የተጻፉ) መጻሕፍትም ይኸው አሠራር ይሆናል፤ የእነሱ ወረቀት በመሆኑ ግን ከብራናው ይልቅ ለምስጥና ለእርጥበት ይጋለጣል፣ ቅድሚያ ቢያገኙ እንወዳለን።

የቅርስ ፈቃድ የሚሰጡ አካላትና የየሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤቶች አንድ ነገር እንዲያደርጉ እንጠይቃለን። ደብሩ ቅጂውን በፊርማ መረከቡን የሚያሳይ ወረቀት ካልቀረበ የቀጂው ቡድን ሥራ ተጠናቀቀ ተብሎ አይመዝገብ፤ ለሚቀጥለው ደብርም ፈቃድ አይሰጠው።

ከብራና መጻሕፍት ምዝገባና ቅጂ ባለሙያዎች