ደለሉን የረሳ ጂኦግራፊ፦ ለሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት ኃላፊ፣

ጉዳዩ፦ የደን አያያዝና የባሕር ዳርቻ ሂደቶች ተያይዘው እንዲሰጡ ስለመጠየቅ

የጂኦግራፊ መማሪያ መጻሕፍት በተከለሱ ቁጥር አዲስ ነገር ይጨመርባቸዋል፤ ያለውን ከያለበት ማገጣጠም ግን ይዘነጋል። የደን ጭፍጨፋ በአንድ ምዕራፍ፣ የባሕር ዳርቻ በሌላ ይሰጣል። ተማሪው ከመጀመሪያው አምስት መንስኤና አምስት መፍትሔ፣ ከሁለተኛው የቅርጾችን ስም ሸምድዶ ይወጣል። ከተራቆተው ተዳፋት ታጥቦ የሄደው አፈር የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቀው የለም። የምንጠይቀው ሁለቱ ምዕራፎች በደለል ጉዞ እንዲያያዙ ነው፤ ከተዳፋቱ እስከ ወንዙ አፍ፣ ከዚያም በዳርቻው ጎን።

ስሕተቱ ገና ከመነሻው ይጀምራል። «ዛፍ የዝናብን ኃይል ይሰብራል» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ቅጠል ላይ ያረፈ ውሃ ተጠራቅሞ ከተራው የዝናብ ጠብታ የገዘፈ ጠብታ ሆኖ ይወርዳል፤ ቅርንጫፉ ከ8 ሜትር በላይ ከሆነ ደግሞ መሬት እስኪደርስ ፍጥነቱን መልሶ ያገኛል ማለት ይቻላል። አፈሩን በዋናነት የሚጠብቀው መሬት ላይ የተነጠፈው የረገፈ ቅጠል፣ ቁጥቋጦውና ሣሩ ነው። ሥር ሥሩ ተጠርጎ ረዣዥም ዛፍ ብቻ የቆመበት ቦታ ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ነው፤ ከሥሩ ግን አፈሩ ይታጠባል። ይህን ያልተማረ ልጅ የደን አያያዝ ማለት ችግኝ መቁጠር ይመስለዋል።

የታጠበው አፈር ሁሉ ደግሞ ዳርቻ አይሠራም። ኮረቱ በወንዙ የላይኛው ክፍል ይቀራል። ከ0.063 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆነው አሸዋ፣ ወንዙ ባሕር ገብቶ ፍጥነቱ ሲበርድ ይወድቃል፤ ሞገድ አንሥቶ በዳርቻው የሚያሰልፈው ይህንኑ ነው። ከዚያ የደቀቀው ተንሳፎ ይርቅና ኮራልና የባሕር ሣር ላይ ይተኛል። እንግዲህ ጭፍጨፋ ለዳርቻው አሸዋ ሊጨምር፣ ከዳርቻው ፊት ለፊት ያለውን ሕይወት ግን ሊያፍን ይችላል።

ምሳሌዎቹም ተማሪውን የሚያስቸግሩ ቢሆኑ እንመርጣለን። የቻይናው ቢጫ ወንዝ በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በዓመት 1.6 ቢሊዮን ቶን ገደማ ደለል ይሸከም ነበር። ቀድሞ የተጀመሩት እርከኖችና ትናንሽ የደለል መያዣ ግድቦች፣ ትላልቆቹ ግድቦች፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ደግሞ ተዳፋት እርሻን ወደ ደንና ሣር የመመለሱ ሥራ ተደማምረው ሸክሙን ከ80 በመቶ በላይ ቀነሱት። ሥራው ተራራውን ጠቀመ፤ ደለሉ በወንዙ አፍ ተከማችቶ የሠራው፣ ለዘመናት ወደ ባሕር ሲገፋ የኖረው መሬት (ዴልታ) ግን በአንዳንድ በኩሉ ማፈግፈግ ጀመረ። በዓባይም የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1964 ውሃ መያዝ ሲጀምር ደለሉን ከሞላ ጎደል አስቀረው፤ ከዓባይ ሁለት አፎች አንዱ በሆነው በሮዜታ በኩል አስቀድሞ የጀመረው የዳርቻ ሽርሸራም ባሰበት። «ደን ጠብቅ፣ ሁሉም ይስተካከላል» የሚል መጽሐፍ ለቢጫ ወንዝ መልስ የለውም። ደኑን መመለስ ስሕተት ነበር ማለታችን አይደለም። ተራራ ላይ የተወሰነው ነገር ዳርቻ ላይ ሒሳብ እንዳለው ተማሪው ይወቅ ነው የምንለው።

ስለ ትርጉም አንድ ነገር እንበል። በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት አቆጣጠር ደን የሚባለው ከ0.5 ሄክታር የሚሰፋ፣ ዛፎቹ ከ5 ሜትር የሚረዝሙ፣ የአክሊል (የቅርንጫፍና የቅጠል) ሽፋኑም ከ10 በመቶ የሚበልጥ መሬት ነው፤ በዋናነት ለእርሻ ወይም ለከተማ የዋለ መሬት አይቆጠርም። በዚሁ አቆጣጠር ዛፉ ተቆርጦ መሬቱ መልሶ ደን እንዲሆን ከተተወ የደን ጭፍጨፋ አልተባለም፤ ወደ ሌላ አገልግሎት ሲዞር ነው ጭፍጨፋ የሚሆነው። ሳተላይት ግን የሚያየው የዛፍ መጥፋትን ብቻ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ሠንጠረዥ ያስቀመጠ መጽሐፍ ተማሪውንም መምህሩንም ያሳስታል።

የአያያዝ ምሳሌ ሲፈለግ ብራዚል ትመቻለች፤ ሲሳካም ሲበላሽም ታሳያለችና። በብራዚል አማዞን የዓመቱ ጭፍጨፋ እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ 27,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ደርሶ በ2012 ወደ 4,600 ወረደ። ያወረደው የተከታታይ እርምጃዎች ድምር ነው፦ ጭፍጨፋውን በቶሎ የሚጠቁም የሳተላይት ክትትል፣ የተከለሉ ቦታዎች መስፋት፣ በ2006 የአኩሪ አተር ነጋዴዎች አዲስ ከተመነጠረ መሬት ላለመግዛት መስማማታቸው፣ በ2008 ደግሞ የገጠር ብድር ሕግን ከማክበር ጋር መያያዙ። ቁጥጥሩ ሲላላ በ2021 መልሶ ወደ 13,000 ወጣ። ተማሪው የዓመታቱን ቁጥር በግራፍ ስሎ እርምጃዎቹን በየዓመታቸው ቢያስቀምጥባቸው፣ ከ«ሕዝብን ማስተማር» የተሻለ መልስ ይዞ ይመጣል።

ሁለቱ ምዕራፎች በአንድ ቦታ የሚገናኙት የባሕር ሙላት በሚደርስበት ጨዋማ ዳርቻ በሚበቅለው ዛፍ፣ በማንግሮቭ ነው፤ እሱ ራሱ ደን ነው፣ ራሱ ዳርቻ ነው። እዚህ ላይ መነገር ያለበት የተከላ ውድቀት ነው። በፊሊፒንስ በብዙ ቦታ ችግኙ የተተከለው ማንም ባልያዘው ዝቅተኛ ጭቃማ ሜዳ ላይ ነበር፤ ማንግሮቭ በተፈጥሮው የሚያድግበት ከፍ ያለው ቦታ በዓሣና በሽሪምፕ ኩሬ ተይዟልና። በዝቅተኛው ቦታ ሥሩ ለረጅም ሰዓት ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ አየር ያጣል፣ ሞገድም ይነቅለዋል። በብዙዎቹ ቦታዎች ውሎ አድሮ የተረፈው ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ ነው። የተሻለው መንገድ የተተዉትን ኩሬዎች ግድግዳ ጥሶ ውሃው እንደ ቀድሞው እንዲወጣና እንዲገባ ማድረግ ነው፤ አቅራቢያው እናት ዛፍ ካለ ዘሩ በራሱ ይመጣል።

በዳርቻው ምዕራፍ ገንቢና አፍራሽ ሞገድ በሠንጠረዥ ተለይተው ይሸመደዳሉ፤ ይህ ለጊዜው ይቆይ። የጎደለው የደለሉ የጎን ጉዞ ነው። ሞገድ በማዕዘን ሲመጣ አሸዋውን በማዕዘን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ተመላሹ ውሃ ግን በስበት ቀጥ ብሎ ያወርደዋል፤ አሸዋው በዚህ ዚግዛግ ዳርቻውን ተከትሎ ይሄዳል። ይህን የተረዳ ተማሪ፣ በእንግሊዝ ሆልደርነስ ዳርቻ ማፕልተን መንደር እ.ኤ.አ. በ1991 ወደ ባሕር የተዘረጉ ሁለት የድንጋይ ግድግዳዎች ሲሠሩ መንደሩ ተጠብቆ ከደቡቡ ያለው መሬት ለምን በፍጥነት እንደተናደ ሳይነገረው ያውቃል።

ባሕር ለራቀ ትምህርት ቤት ይህ ሁሉ በክፍል ውስጥ ይሠራል፤ መመሪያው በመምህሩ መጽሐፍ ውስጥ በዝርዝር እንዲገባ እንጠይቃለን። ሦስት ባለ 2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙሶች በጎናቸው ተጋድመው ከላይ መስኮት ይቆረጥላቸዋል፤ አንድ ዓይነት አፈር እስከ አፋቸው የታችኛው ጠርዝ ይሞላባቸዋል። ከዚያ በላይ ከሞላ አፈሩ መታጠቡን ትቶ ተንዶ ይወጣል። አንዱ ላይ ከሦስት ሳምንት በፊት ሣር ይዘራል፣ ሁለተኛው 2 ሴንቲ ሜትር ደረቅ ቅጠል ይለብሳል፣ ሦስተኛው ባዶውን ይቀራል። ከኋላ በ5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይደረጉና ለእያንዳንዱ ግማሽ ሊትር ውሃ ከ30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ በተበሳ ቆርቆሮ ይፈስበታል። የወረደው ውሃ በብርጭቆ አድሮ የዘቀጠው ውፍረት ይለካል። ሙከራው የሚበላሸው ሣሩ ያለበት ብቻ ውሃ ሲጠጣ ሰንብቶ ሌሎቹ ደርቀው ሲቀርቡ ነው፤ ስለዚህ ሦስቱም ከዋዜማው እኩል ይርጠቡ።

ቀጥሎ 60 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዝርግ ሣህን በአንደኛው ረጅም ጎኑ ተዳፋት አሸዋ ይደረግበታል፣ ውሃው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሞላል። በአንዱ ጥግ በተያዘ ጣውላ በሰከንድ አንድ ያህል ለስላሳ ሞገድ በማዕዘን ይላካል። ትይዩው ግድግዳ ሞገዱን መልሶ ስለሚረብሽ ስፖንጅ ይደገፍበት፤ ጣውላው በኃይል ከተገፋም አሸዋው ሁሉ ተደልድሎ የሚታይ ነገር አይኖርም። ሞገዱ በሚነሣበት ጫፍ «ወንዝ» ተብሎ በየሁለት ደቂቃው አንድ ማንኪያ አሸዋ ይጨመራል፤ የጡብ ፍርፋሪ ቢቀላቀልበት ጉዞው በዓይን ይታያል። ከዚያ ማንኪያው ይቁም። ዳርቻው እየሳሳ ሲሄድ ተማሪው ቢጫ ወንዝን በጠረጴዛው ላይ ያያል። አንድ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ ሲሰካ ደግሞ ማፕልተን ይመጣል።

የሳተላይት ምስል ለሚጠቀሙ ክፍሎች ሁለት ማስጠንቀቂያ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለሁሉም በነጻ የተከፈተው ላንድሳት የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ምስል አንድ ፒክስሉ (ምስሉ የተሠራበት ትንሿ ነጥብ) 30 በ30 ሜትር ነው፤ ሄክታር ማለት 11 ፒክስል ገደማ ነው፣ ከዚያ ያነሰ ምንጣሮ በቀላሉ ያመልጣል። የሚነጻጸሩት የተለያዩ ዓመታት ምስሎች በተመሳሳይ ወር የተነሡ ይሁኑ፤ ቅጠሉን ያረገፈ ደን የተጨፈጨፈ ይመስላልና። ለዳርቻ ደግሞ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት እኩል መሆን አለበት፦ በየ50 ሜትሩ 1 ሜትር በሚወርድ ዳርቻ ላይ የ1 ሜትር የውሃ ከፍታ ልዩነት የውሃውን መስመር 50 ሜትር ያርቀዋል፤ ይህን ሽርሸራ ብሎ የመዘገበ ክፍል ዓመቱን ሙሉ ተሳስቷል።

ይህ ሁሉ ቢጻፍም ፈተናው «አራት መንስኤዎችን ዘርዝር» ማለቱን ከቀጠለ አይሠራበትም፤ መምህር የሚያስተምረው የሚፈተነውን ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ረቂቅ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ጥያቄ እንዲገባ እንጠይቃለን፦ የአንድ ወንዝ የ40 ዓመት የደለል መጠን፣ የተፋሰሱ የደን ሽፋንና የወንዙ አፍ የዳርቻ መስመር በአንድ ሠንጠረዥ ይሰጥ፤ ተማሪው ዳርቻው የተለወጠበትን ምክንያት ያብራራ፤ ከሁለት እርምጃዎች አንዱን መርጦ ማን እንደሚጠቀም፣ ማን እንደሚጎዳ ይጻፍ። ነጥቡ ለምርጫው ሳይሆን ከቁጥሮቹ ለተነሣው ማስረጃ ይሰጥ።

ከአክብሮት ጋር
የጂኦግራፊ መምህራን