«ይማር» እና «ትማር»፦ የሥነ ጽሑፍና ፍልስፍና ክበባችን ዓመት

የትምህርት ቤታችን መጽሔት አዘጋጆች «ለእርስዎ አንድ ገጽ ይበቃል» ብለውኝ ነበር። የእግር ኳስ ቡድናችን ከነፎቶው ሦስት ገጽ እንደተሰጠው ስላየሁ ትንሽ ብንዛዛ አይፈረድብኝም። ኳሱን ጠልቼ አይደለም፤ ልጆቹ ዋንጫ ይዘው የገቡ ለት ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። የእኛ ክበብ ግን ዋንጫ የለውም። ያለው ወሬ ብቻ ነው፤ እሱንም ካላወራሁት ማን ያወራልኛል?

ከወላጆች ቀን ልጀምር። ጋቢያቸውን አጣፍተው ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አወጡና «ሥነ ጽሑፉስ ይሁን፤ ግጥም ለሠርግም ለለቅሶም ይሆናል። ይኼ ፍልስፍና የምትሉት ግን ምን ይሠራል? ልጄ ማክሰኞ ማክሰኞ ከናንተ ዘንድ ቆይቶ ሲመጣ ‹ለምን› ማለት አብዝቷል። ከብቱን መልስ ስለው ‹ለምን እኔ?› ይለኛል» አሉኝ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔም ስቄ፣ ደህና መልስ ሳልሰጥ ተቀመጥኩ። መልሱ እንደ ልማዱ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ሌሊቱን ሲመላለስብኝ አደረ። ይህን ዘገባ በከፊል የምጽፈው ለእኚያ አባት ነው።

መደበኛውን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። በመስከረም 41 ተማሪዎች ተመዘገቡ፤ እስከ ሰኔ የዘለቁት 23 ናቸው። ማክሰኞ ማክሰኞ ከ9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ 19 ጊዜ ተሰበሰብን። ሥራ አስፈጻሚ ተመረጠ፣ ደንብ ጸደቀ፣ ሰኞ ጠዋት በሰልፍ ላይ ግጥም ተነበበ፣ የግድግዳ ጋዜጣው አራት ጊዜ ወጣ። የቀረውን የፈለገ ቃለ ጉባኤውን ይመልከት፤ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ተጽፏል። ስለ ጸሐፊዋ ወደ በኋላ እመለሳለሁ።

የዓመቱ የመጀመሪያ ቁም ነገር የተገኘው ከመጽሐፍ አልነበረም፤ መጽሐፍም አልነበረንም። እንደምታውቁት ብዙዎቹ ልጆቻችን ከገጠር መጥተው ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጡ ወደ ቤተሰብ ሲሄዱ «ከአያታችሁ ወይም ከእናታችሁ አንድ ተረትና ምሳሌ ይዛችሁ ኑ» አልኳቸው። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ከአንድ አያት ሁለት ይዞ መጣ፤ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እና «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም»። ቀጥሎም «ቲቸር፣ አያቴ የትኛውን ነው የሚያምኑት?» ብሎ ጠየቀ። ግማሽ ሰዓት ተከራክረን መስማማት ስላልቻልን ጥያቄው በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ባለቤቷ ተመለሰ። አያትየው የላኩት መልስ ይህ ነው፦ «ዝምታውን የተማርኩት ምራት ሳለሁ ነው፤ ሌላውን አማት ከሆንኩ ወዲህ።»

ክፍሉ ለአፍታ ጸጥ አለና ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ መናገር ጀመረ። ተረት የሚመረጠው ተናጋሪው በተቀመጠበት ቦታ እንደሆነ፣ ከመደቡ ላይ ያለ ሰውና ከምድጃው ሥር ያለ ሰው አንድ ተረት እንደማይተርቱ እነሱው ደረሱበት። እኔ ይህን በዓመት ሙሉ ትምህርት አላስረዳም ነበር።

ቀጥለን የፈላስፋውን የዘርዓ ያዕቆብን ሐተታ አነበብን፤ በራሴ ገንዘብ ያባዛኋትን ስድስት ገጽ ማለቴ ነው። ሰውዬው ተከሶ ሸሽቶ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት መቀመጡ፣ የሰማውን ሁሉ በልቡናው መመርመሩ፣ በኋላም እንፍራንዝ ገብቶ ሀብቱ በሚባል ሰው ቤት የምታገለግለውን ሂሩትን ሲያገባ ባልና ሚስት እኩል ናቸውና ሚስት እንጂ አገልጋይ አትሁን ማለቱ ልጆቹን ያዛቸው። ክርክሩንም አልደበቅኳቸውም። ጣሊያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ድርሰቱ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያዊ ሥራ ሳይሆን በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአገራችን የኖረው ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የጻፈው ነው ብሎ ተከራክሯል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ካናዳዊው ክላውድ ሳምነር ደግሞ ኢትዮጵያዊነቱን በብዙ ጥናት ተሟግቶለታል። ሙግቱ ዛሬም አልበረደም። አንድ ባልደረባዬ «ልጆቹን ኩራታቸውን ለምን ትነጥቃቸዋለህ?» ብሎ ወቅሶኛል። መርምሩ የሚል ጽሑፍ እያስነበብኩ እሱን ራሱን አትመርምሩት ማለት ግን አልሆነልኝም። አንዱ ተማሪ «ፈረንጅ ከጻፈውማ የእኛ አይደለም» ሲል ከጎኑ ያለችው «የጻፈው ማንም ይሁን፣ ሂሩት ግን እኛ ቤት አለች» አለችው። እኔ አልፈረድኩም፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ሁለቱም ሰፍረዋል።

ከዚያ «ፍቅር እስከ መቃብር» መጣ። ሐዲስ ዓለማየሁ የእኛው ሰው ናቸው፤ በ1902 ዓ.ም. እንዶዳም የተወለዱ፣ የደብረ ማርቆስ ጎረቤት። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ የሚፈጸምባቸው ማንኩሳና ዲማ ለእኛ ልጆች አውቶቡስ ሲጠሩበት የሚሰሟቸው ስሞች ናቸው። ወላጆቻቸው በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሰምተውታልና ቤት ሲሄዱ መጽሐፉን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ ሰው ይጠብቃቸዋል። የባለታሪኩ የበዛብህ እናት ልጇን ለቤተ ክርስቲያን ልትሰጥ የተሳለችው ስእለት ላይ ስንደርስ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ብዙዎቹ ለእናትየው ቆሙ፤ የታመመ ልጅ ያቀፈች ሴት ያላትን ሁሉ ትሰጣለች አሉ። አንድ ልጅ ግን «የተሳለችው እሷ፤ ከፋዩ እሱ» ብሎ ቁጭ አለ። እስከ ደወል ድረስ የመለሰለት አልተገኘም።

በመጽሐፉ ውስጥ ልማዱን ስለሚተች እንደ እብድ ስለሚታየው ስለ ጉዱ ካሣ ደግሞ የቤት ሥራ ሰጠሁ፦ በየሰፈራችሁ «ጉድ» ወይም «ለየለት» የሚባል ሰው ፈልጉና ምን ብሎ እንደተባለ ጠይቁ። አንዷ ስለ አንድ ገበሬ ጽፋ መጣች። የሰውዬው ጥፋት በዕድር ስብሰባ ላይ «ባሏ የሞተባት ሴት ለምን ከባለ ሁለት ጥማድ እኩል ታዋጣለች?» ማለቱ ነበር። ስሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተቀይሯል፤ መዋጮው ግን ያው ነው።

አሁን ወደ ኅዳሩ ጉዞ። ከከተማችን ወጣ ብሎ ያለውን የቅኔ ጉባኤ ቤት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ገብቶ ያየው ግን ጥቂት ነው። መኪና ጠይቀን ነበር፤ መልሱ እስካሁን መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት 17 ተማሪዎች ይዤ በእግር ወጣን። ጤፉ ግራና ቀኝ ይታጨዳል፤ የጮቄ ተራራ ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ያዋጣነውን ዳቦ፣ ስኳርና ሳሙና ሁለት ልጆች በየተራ ተሸከሙት።

ስንደርስ ለምድ የደረቡ የእኛዎቹ እኩዮች ሜዳው ላይ ተበታትነዋል። አንዱ ዋንዛ ሥር፣ አንዱ ድንጋይ ካብ ላይ፣ አንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። «ቲቸር፣ ተጣልተው ነው እንዴ?» አለኝ አንዱ ጎረምሳ። ቅኔ እየቆጠሩ፣ ማለትም በልባቸው እየደረሱ ነበር። የኔታ ከዛፍ ሥር ካለው መደብ ላይ ሆነው አስረዱን፦ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ፣ ሁሉም በቃል፣ በግእዝ፣ በየቀኑ አዲስ። ትናንት የተባለ ዛሬ አይደገምም። ስለ ሰምና ወርቅ ሲጠየቁ የአንጥረኛን ሥራ ነገሩን፤ ቅርጹን በሰም ሠርቶ ጭቃ ያለብሰዋል፣ በእሳት ሰሙን ያቀልጠዋል፣ በባዶው ቦታ ወርቁን ያፈስሰዋል። «ወርቅ ወርቅ ትላላችሁ፤ ሰሙን ከየት ልታመጡ ነው? ሰም ከደጃችሁ ነው። ከእናታችሁ ጓዳ ነው» አሉ።

ከዚያም ወደ እኛ ዞረው «እናንተስ? በአማርኛም ቢሆን እንስማ» አሉ። ሰኞ ሰኞ በሰልፍ ላይ ማይክ የሚቀማሙት ገጣሚዎቻችን መሬት መሬት ያዩ ጀመር። እኔም ስማቸውን እየጠራሁ ላስገድዳቸው ስል ከኋላ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ ተነሣች። የክበቡ ጸሐፊ ናት። ስም ሲጠራ «አቤት» ከማለት በቀር ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ እንዲህ አለች፦

እናቴ ታመመች፣ ጠያቂዋ በዝቶ፣
ሁሉም «ይማር» አለ፣ «ትማር» የሚል ጠፍቶ።

መጀመሪያ ያልገባን ነበርን። ሰሙ ግልጽ ነው፤ የታመመ የሚጠይቅ ሰው «እግዜር ይማር» ይላል። ወርቁ ሲገለጥ አንዱ የቆሎ ተማሪ ከካቡ ላይ «ይበል!» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ቃሉ ሲጠብቅ «ወንዱ ልጅ ይማር» ነው። ቤት ውስጥ በሽተኛ ሲተኛ ከልጆቹ አንዱ ትምህርቱን ትቶ ያስታምማል፤ የትኛው እንደሚተው ደግሞ ማንም አይጠይቅም።

የኔታ ትንሽ ዝም አሉና «እስቲ ድገሚው» አሏት። ቅኔ አይደገምም ያሉን እሳቸው ናቸው። ደገመችው። «ላልቶም ጠብቆም ይሄዳል» አሉ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ይህች ልጅ የማን ቤት ልጅ ናት?» ብለው ጠየቁኝ።

አላውቅም ነበር። ሁለት ዓመት ስሟን ከመዝገብ ላይ ስጠራ ኖሬ፣ እናቷ ከሐምሌ ጀምሮ አልጋ ላይ እንደሆኑ አላውቅም። በመልስ መንገድ ላይ አብራኝ ስትሄድ ነገረችኝ። ወንድሟ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ የእሱ ብሔራዊ ፈተና እስኪያልፍ እሷ ከመንፈቅ ዓመቱ በኋላ ልትቀር ተወስኗል። ቅሬታ እንኳ በድምፅዋ አልነበረም፤ የአየር ሁኔታ የምትነግረኝ ያህል ነበር።

በየካቲት እውነትም ቀረች። ግጥሙን አስፈቅጃት ነበርና ስሟን ሳልጽፍ በግድግዳ ጋዜጣው ላይ አወጣሁት። በሁለተኛው ቀን ክበባችን ደጃፍ ደርሶ የማያውቅ አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ መምህራን ማረፊያ ድረስ መጥቶ «ቲቸር፣ ያን ሁለት መስመር የጻፈው ማን ነው?» አለኝ። «አንተ ማን ይመስልሃል?» አልኩት። ምንም ሳይመልስ ወጣ። ሦስት ሳምንት ከቀረች በኋላ ተመለሰች። ቤታቸው ምን ተባብለው እንደሆነ አልጠየቅኩም። አሁን እሷና ወንድሟ በየሳምንቱ ተራ ገብተው ነው ለማስታመም የሚሄዱት፤ ይህን የጻፍኩትም እሷ አንብባ «ይሁን» ካለች በኋላ ነው።

ያልተሳካልንንም ልናገር። በሚያዝያ ማንኩሳ ልንሄድ አቅደን መንገዱ አስተማማኝ ስላልነበር ቀረ። ያዘጋጀነው ድራማ ሁለተኛው ትዕይንት ላይ መብራት ጠፋና በስልክ መብራት ተጨረሰ፤ ተመልካቹ ግን አልጨረሰም። ሰባት ስብሰባ ክፍል አጥተን አልተካሄደም። ለ23 ተማሪ ያሉን የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ቅጂዎች ሁለት ናቸው፤ የአንደኛው የመጨረሻ ገጾች ተገንጥለዋል። መጨረሻውን በቃሌ ነው የነገርኳቸው፤ እንባ የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ጉሮሮዬን ይዞኝ ልጆቹ እኔን ሲያጽናኑ ዋሉ።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ያው መጽሐፍ 10 ቅጂ፣ ቁልፍ ያለው አንድ ቁም ሣጥን፣ ማክሰኞ ከሰዓት የማይነጠቅ አንድ ክፍል። ለማሊያ የተገኘ ገንዘብ ለመጽሐፍ የማይገኝበት ምክንያት ካለ የክበቡ አባላት በሥርዓት ሊከራከሩበት ዝግጁ ናቸው፤ አሠልጥኛቸዋለሁ። በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ መደርደሪያችሁ ላይ አቧራ የያዘ ልብ ወለድ ለበዓል ስትመጡ ሻንጣችሁ ውስጥ ክተቱልን።

እኚያ አባት በሰኔ የልጃቸውን ካርድ ሊወስዱ መጥተው ነበር። ያዘጋጀሁትን መልስ ልጀምርላቸው ስል አቋረጡኝ። «ተወው ልጄ፣ ለምጄዋለሁ። አሁን ‹ለምን እኔ?› ሲለኝ ‹ለምን አንተ አትሆንም?› እለዋለሁ፤ እሱ ይመልሳል፣ እኔም እመልሳለሁ። እናቱ ሳትቀር ገብታበታለች። ብቻ ከብቱ እየመሸበት ተቸገርን።»