ለልጄ፣ ቀብዱን ከመክፈልሽ በፊት

ሚጣዬ፣

ሐሙስ ማታ ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። «ደህና ነኝ እማ፣ ደክሞኝ ነው» አልሽኝ። ግን ከኋላሽ ውሃ ሲፈስ ይሰማኝ ነበር። ባለቤትሽ እንዳይሰማሽ መታጠቢያ ቤት ገብተሽ፣ ቧንቧ ከፍተሽ ነው ያወራሽኝ። እኔም ድሮ እንደዚያ አድርጌያለሁ። ግቢያችን ቧንቧ ስላልነበረ ጓሮ ወጥቼ፣ ልብስ የማሰጣ መስዬ ነበር የማለቅሰው።

በስልክ ላውራሽ ብል ተላቅሰን ነገሩ ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ ልጻፍላት ብዬ ተነሳሁ። ወንድምሽ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልሻል። አባትሽ አጠገቤ ተቀምጧል። አንድ ገጽ በጨረስኩ ቁጥር ይቀበለኝና መነጽሩን አድርጎ ያነባል።

በመጀመሪያ እውነት ያለሽበትን ልንገርሽ። «ቤት ዛሬ ካልገዛን መቼም አንገዛም» ያልሽው ከመሬት ተነስተሽ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ሳምንታት ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። ከዚያ ወዲህ ብረቱም፣ ሴራሚኩም፣ የቤት ዋጋውም ወደ ላይ ነው። ባንክ ያስቀመጣችሁት ገንዘብ ቁጥሩ ሲያድግ አቅሙ ሲሟሽሽ በዓይናችሁ አይታችኋል። ከ2 ዓመት በፊት ሳሎን ያለው ቤት ይገዛልን ነበር ያላችሁት ገንዘብ ዛሬ ለስቱዲዮ ሲያንስ ማየት ያንገበግባል። ስለዚህ «ተረጋጊ፣ ይደርሳል» እያልኩ አላባብልሽም። መጠበቅም ቢሆን ዋስትና እንደሌለው አክስትሽ ምስክር ናት። ሐምሌ 2014 የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣ ሲባል ሰፈሩ እልል ብሎ፣ ቀናት ሳይቆይ ዕጣው ተሰረዘ። ያን ሰሞን ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር ታስታውሻለሽ።

እኔን ያስፈራኝ የቤቱ ዋጋ ሳይሆን በመሀል ጣል ያደረግሽው ቃል ነው። «በውክልና ነው የሚሸጥልን» አልሽኝ።

ነገሩን እንደገባኝ ልድገመው። ሻጩ ኮንዶሚኒየሙን ከተረከበ 5 ዓመት አልሞላውም። ስለዚህ በሕግ ገና መሸጥ አይችልም። የባንኩም ዕዳ አላለቀም። ደላላው ደግሞ «400 ሺህ ብር ይቀንስላችኋል፣ በውክልና ያዙት፣ 5 ዓመቱ ሲሞላ ስም ታዞራላችሁ» ይላል። እስከ ማክሰኞ 500 ሺህ ብር ቀብድ ካልተከፈለ ሌላ ገዢ አለ ብሏችኋል።

ልጄ፣ ውክልና ማለት «በእኔ ስም ሆነሽ ሥሪልኝ» ማለት ነው። ቤቱን ያንቺ አያደርገውም። የወከለሽ ሰው ደስ ባለው ቀን ሊሽረው ይችላል። ሰው ነውና ከሞተ ደግሞ ውክልናው አብሮት ይቀራል። እኛ ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ የነበሩትን ባልና ሚስት ታውቂያቸዋለሽ፣ ለሠርግሽ ድስት ያዋሱንን። እነሱም በውክልና ነው የገዙት። ወለሉን ሴራሚክ አልብሰው፣ የኩሽናውን ካቢኔት አሠርተው፣ መጋረጃውን ሳይቀር በልክ አሰፍተው ገቡ። በሁለተኛው ዓመት ሻጩ በድንገት አረፉ። አርባቸው ሳይወጣ ልጆቻቸው «የአባታችን ቤት ነው» ብለው መጡ። ክፉ ልጆች አልነበሩም። የአባታቸው ስም ያለበትን ወረቀት ይዘው ነው የመጡት። ጎረቤቶቻችን በእጃቸው የነበረው የሞተ ውክልናና ሻጩ የቤቱን ገንዘብ «ተበደርኩ» ብለው የፈረሙት ወረቀት ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት 3 ዓመት ፈጀ። ሴትየዋ በዚያ 3 ዓመት ውስጥ ጠጉሯ ነጣ።

አሁን ደግሞ ሙሉውን ነግሬሽ የማላውቀውን ልንገርሽ።

በ1993 አንቺ ገና የ6 ዓመት ልጅ ነበርሽ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። አከራያችን ብርድ ልብስ ማስጣት እንኳ ያስፈቅዱን ነበር። ኮተቤ አንድ ቤት አለ ተባለ። ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮው አዲስ፣ ግቢው ውስጥ የኮክ ዛፍ ያለበት። 38 ሺህ ብር። አንቺ ዛፉ ሥር ቁጭ ብለሽ «እዚህ ነው የምንኖረው?» ስትዪኝ ልቤ ሄደ። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቅኩም።

ደላላው «እሁድ ሌላ ሰው ሊያየው ይመጣል» አለን። ቃል በቃል ማክሰኞ የተባልሽውን ነው የተባልኩት። ቅዳሜ ከሰዓት በእጅ በተጻፈ ወረቀት፣ በሦስት ምስክር፣ 5 ሺህ ብር ቀብድ ሰጠን። ገንዘቡ የኔ ዕቁብ ነበር። ዕቁቡ ቀድሞ ወጥቶልኝ ገና 11 ወር በየወሩ 200 ብር መጣል ይቀረኝ ነበር።

በሳምንቱ ቀሪውን ለመነጋገር ስንሄድ በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። የሻጩ እህት ናት። ቤቱ የውርስ ነው፣ ወንድማማቾቹና እህቶቹ ይካሰሱበታል፣ ፍርድ ቤት ካገደው ዓመት አልፎታል። ሻጩ የለም። ደላላውም የለም። በኋላ አንድ የሕግ ሰው ጠየቅን። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ከፋይ ውሉን ሲተው ቀብዱን ያጣል፣ ቀብድ ተቀባይ ሲተወው ደግሞ እጥፍ ይመልሳል፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የተጻፈ ነው አለን። ደግሞም የቤት ሽያጭ እንዲህ በመንደር ወረቀት አይሆንም፣ በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት ፊት መደረግ አለበት አለን። ሁሉም እውነት ነበር። ግን ሰውየውን ከየት እናምጣው?

የባሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አባትሽ ስለዚያ ቤት ማውራት አቆመ። እኔም ዝም አልኩ። ዕቁቡን በምን እንደምከፍል ሲጠይቀኝ «የዕቁቡ ዳኛ አራዝሞልኛል» ብዬ ዋሸሁት። የክርስትና እናቴ የሰጠችኝን የወርቅ መስቀል ሸጬ «ጠፋብኝ» አልኩት። ሌሊት ጀርባችንን ተሰጣጥተን እንተኛለን። ሁለታችንም እንዳልተኛን እናውቃለን።

አንድ እሁድ ጠዋት ጫማውን ልወለውልለት ብዬ ሳነሳ ሶሉ ተበልቶ አልቋል። ውስጡ ካርቶን ተቆርጦ ገብቶበታል። ለካ 4 ወር ሙሉ ከፈረንሳይ እስከ አራት ኪሎ በእግሩ ነው የሚሄደው፣ ማታም በእግሩ ነው የሚመለሰው። የአውቶቡሷን ሳንቲም ያጠራቅማል። በወር ቢበዛ 30 ብር ነው። ያንን ወር በሞላ ቁጥር «ትርፍ ሰዓት ሠራሁ» ብሎ ይሰጠኝ ነበር። ጫማውን ይዤ ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ። እሱም መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ስለ መስቀሉ ነገርኩት። የቀረንን ዕዳ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍነው። ዕዳው ያው ነው፣ አልቀነሰም። የዚያን ማታ ግን ተኛን።

ይህን የነገርኩሽ ላንቺም አንድ ነገር ስላለሽ ነው። ከቢሮሽ ሴቶች ዕቁብ ቀድመሽ ያወጣሽው 200 ሺህ ብር አለ። «ለሱ እንዳትነግሪው እማ፣ ያጠራቀምኩት ነው ብዬዋለሁ» ብለሽኝ ነበር። አልነገርኩትም፣ አልነግረውምም። ንገሪው የምልሽ አንቺን ነው። ዛሬ ማታ ልጅቷ ስትተኛ ንገሪው። ደግሞ እሱም ያልነገረሽ ነገር ካለ እንዳትቆጪው። ከእናቱ ተበድሮም ይሆናል፣ ከመሥሪያ ቤቱም ይሆናል። ወር በገባ ቁጥር ከሁለታችሁ ደመወዝ ስንት እንደሚወጣ ሁለታችሁም ማወቅ አለባችሁ። የስም ማዛወሪያ ወጪም አለ፣ ቴምብር ቀረጡ ብቻ ከመቶ 2 ነው። ለደላላውም አለ። 5 ሚሊዮን 400 ሺህ ያላችሁት ቤት በ5 ሚሊዮን 400 ሺህ አያልቅም።

«አከራዩ ያስወጣናል» ያልሽውንም አስቤበታለሁ። ውላችሁ ወረዳ ሄዶ ተመዝግቧል? በ2016 በወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ የኪራይ ውል ከ2 ዓመት ሊያንስ አይችልም። ውሉን አውጥተሽ ቀኑን እዪው። በጣት የሚቆጠር ወር እንኳ ቢቀራችሁ የግድ በማክሰኞ መወሰን የለባችሁም። ደግሞ ኪራይ ቤት መኖር ነውር አይደለም። አማችሽ ያሉሽን አውቃለሁ። እሳቸው ቤት በሠሩበት ዘመንና ዛሬ የሰማይና የምድር ያህል ነው።

እኛ በ1997 ከተመዘገቡት ውስጥ ነን። ያኔ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። እኔ ዕጣ የወጣልኝ በ2007 ነው። 10 ዓመት። አንቺ በዚያ 10 ዓመት ውስጥ ኪራይ ቤት አድገሽ፣ ተምረሽ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባሽ። ቁልፉን ስንቀበል ግድግዳው ልሙጥ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ በሩ ቀለም አልነበረውም። አባትሽ ባዶው ክፍል መሀል ቆሞ ድምፁ ሲያስተጋባ ሰማና ሳቀ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ስለዚህ ቤት ግዙ። ግዙ እንጂ ልጄ፣ አልከለክልሽም። 5 ዓመቱን የጨረሰ፣ ሻጩ በራሱ ስም ካርታ የያዘ፣ የባንክ ዕዳው ተዘግቶ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑ ክፍለ ከተማው ድረስ ሄዶ የተጣራ ቤት ይሁን። ሻጩ ሚስት ካለው ሚስቱም ቀርባ ትፈርም። ባል ብቻውን የሸጠው ቤት ነገ ሌላ ክርክር ነው። 400 ሺህ ብሩ ቢጨመርባችሁም ይጨመር። አንድ ክፍል ያነሰ ቢሆንም ይሁን። ጀሞ የፈለጋችሁት ሥራ ስለሚቀርባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ቱሉ ዲምቱም ሰው ይኖራል።

አባትሽ አሁን ብዕሬን ሊቀማኝ ነው። «ውሃውን ጻፊላት» ይላል። እውነቱን ነው። ደላላ በሚያሳይሽ ሰዓት አትዪው። ብቻሽን ተመለሺና ደረጃ ላይ ጀሪካን ይዘው የሚወጡትን ሴቶች ጠይቂ። ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ይወጣ እንደሆነ፣ ሮቶው የማን እንደሆነ። ሊፍት የሌለው ብሎክ ነው፣ እኔና አባትሽ ልጅቷን ለመጠበቅ ስንመጣ ጉልበታችንን አስቢ። የመጨረሻ ፎቅ ከሆነ ደግሞ ከጥሩ ዝናብ በኋላ ሄደሽ ጣሪያውን ቀና ብለሽ እዪ። አሁን ግንቦት ነው፣ ዝናቡ ቅርብ ነው።

ማክሰኞ ምንም ብር እንዳትሰጪ። ደላላውን የካርታውን ኮፒ ጠይቂው። «ቀብድ ሳይከፈል አይሰጥም» ካለሽ መልሱን አገኘሽ ማለት ነው። ከሰጠሽ ወዲያው ላኪልን። የአባትሽ የቀድሞ የሥራ ባልደረባ ልጅ ጠበቃ ናት፣ ታየዋለች። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሁለታችንም እንመጣለን። ልጅቷን እኔ እይዛታለሁ፣ እናንተ ከአባትሽ ጋር ሌላ ቤት ሄዳችሁ ታያላችሁ። ድርቆሽ አዘጋጅቻለሁ፣ በርበሬም አለ፣ እንዳትገዢ።

አባትሽ ስለ ጫማው የጻፍኩትን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበበው። ያ እንዲወጣለት የሚፈልግ መስሎኝ ላጠፋው እጄን ዘረጋሁ። መነጽሩን አወለቀና «ተይው፣ ይላክላት» አለኝ።

እናትሽ