ፀሐይ ጥቁር ጉድጓድ አትሆንም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የሥነ ጽሑፍ ዓምዳችሁ የሳይንስ ልብወለድ ማስተናገድ መጀመሩን ደሴ ላይ ፊዚክስ የማስተምር ሰው እንደመሆኔ በደስታ ተቀብየዋለሁ። ተማሪዎቼ ጋዜጣውን እየተቀባበሉ ያነቡታል፤ ካነበቡም በኋላ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ፣ ፀሐይ በአንድ ሌሊት ተደርምሳ ጥቁር ጉድጓድ (ስበቱ ብርሃንን እንኳ የማያስመልጥ አካል) የሆነችበትና ምድርን ስባ የዋጠችበት የሰሞኑ ትረካ ነው።

ደራሲ መርከቡንም ፕላኔቱንም እንደ ልቡ ይፍጠር፤ ቅሬታዬ በዚያ ላይ አይደለም። ነገር ግን ፀሐይን በስሟ ከጠራት ጠባይዋንም ሊያውቅላት ይገባል። እርሷ ነዳጇ ሲያልቅ በመጨረሻ የምትቀረው ነጭ ድንክ ኮከብ፣ ማለትም ትንሽና እጅግ የታመቀ ቅሪት፣ ሆና ነው። በራሱ ክብደት የሚደረመሰው ከፀሐይ ስምንት እጥፍ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ መጠነ ቁስ ይዞ የተወለደ ኮከብ ሲሆን፣ እምብርቱ በውህደት (ቀላል ንጥረ ነገሮች ተጣምረው ከባድ በሚሆኑበት ሂደት) እየተለወጠ ብረት ላይ ሲደርስ፣ ብረት ተዋህዶ ኃይል ስለማይሰጥ፣ ደግፎ የያዘው ግፊት ይከዳውና ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ወደ ውስጥ ይናዳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚተርፈው ኒውትሮን ኮከብ ነው፤ ከፀሐይ የሚበልጥ ቁስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ ስፋት፣ ማለትም የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ከደሴ ኮምቦልቻ ከሚያደርሰው መንገድ በማይበልጥ ቦታ ታጭቆ ማለት ነው። ጥቁር ጉድጓድ የሚፈጠረው ቅሪቱ ከዚህም በላይ ሲከብድ ነው።

መዋጡም ቢሆን አይሆንም። ፀሐይ ዛሬ በያዘችው መጠነ ቁስ ጥቁር ጉድጓድ ብትሆን፣ ስበት የሚወሰነው በቁሱ መጠንና በርቀቱ ስለሆነ ምድር በዚያው ምሕዋሯ መዞሯን ትቀጥላለች። የሚጨርሰን ብርዱ ነው፤ ጨለማውን እንኳ የምናየው ከ8 ደቂቃ በኋላ ነው። በእነዚያ 8 ደቂቃዎች ውስጥ ምንም ሳያውቁ ገበያ የሚውሉ ሰዎችን መጻፍ ከመዋጡ ይልቅ የበለጠ ታሪክ አለው ብዬ አምናለሁ።

ጀግናውን ወደ ጥቁር ጉድጓድ የሚልክ ደራሲም አስቀድሞ የጉድጓዱን ክብደት ይወስን። አሥር ፀሐይ የሚያህል ከሆነ፣ በጀግናው ጭንቅላትና እግር መካከል ያለው የስበት ልዩነት ብርሃን ከማይመለስበት ድንበር ሳይደርስ ይበጣጥሰዋል። በጋላክሲያችን መሃል ያለውና እ.ኤ.አ. በ2022 ምስሉ ይፋ የሆነው ግን 4 ሚሊዮን ፀሐይ ያህል ስለሚከብድና ድንበሩም ከመሃሉ እጅግ ስለሚርቅ ይህ ልዩነት እዚያ ትንሽ ነው፤ ሰውየው ድንበሩን በአካሉ ላይ አንዳች ሳይሰማው ሊሻገር ይችላል፤ በሩቅ የሚከታተለው ጓደኛው ግን ሰዓቱ እየዘገየ፣ መልኩም እየደበዘዘ ሲሄድ እንጂ ሲሻገር አያየውም። ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ከደሴ መብራት ራቅ ብሎ ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው ፊቱን ያዞረው 26,000 የብርሃን ዓመት (ብርሃን በ26,000 ዓመት የሚጓዘውን ያህል) ወደሚርቀው ወደዚሁ ጥቁር ጉድጓድ አቅጣጫ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያሉ ታሪኮች ከመታተማቸው በፊት ፊዚክስ የተማረ አንድ ሰው እንዲያነባቸው እንድታደርጉ በትሕትና እጠይቃለሁ። በወሎ ዩኒቨርሲቲም በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱም ይህን ማንበብ የሚችሉ መምህራን አሉ፤ እኔም ያለ ክፍያ ለማንበብ ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የፊዚክስ መምህር፣ ከደሴ