የጋራውና የግሉ፦ ስለ ትንንሽ ልጆቻችን የትምህርት መሣሪያ

ውድ ወላጆች፣

በትንንሾቹ ክፍል አብዛኛው ጠብ የሚነሳው በእርሳስ ነው። አንዱ የሚያብረቀርቅ እርሳስ ይዞ ይመጣል፤ አጠገቡ ያለው ልጅ ዓይኑን ከእርሳሱ ላይ መንቀል ያቅተዋል፤ መምህሯም ትምህርቱን አቋርጣ ዳኛ ትሆናለች። ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ የጋራና የግል ዕቃዎችን እንለያለን።

እርሳስ፣ ከለር፣ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ መቀስና ማስቲሽ የጋራ ናቸው። በየጠረጴዛው መሃል ይቀመጣሉ። ልጆች የሚሻሙባቸውን ቀለሞች ሁለት ሁለት እናደርጋለን። የአራት ዓመት ልጅ ተራ መጠበቅን ገና እየተማረ ነው፤ በሁሉም ነገር ጠብቅ ከተባለ ይሰለቻል፣ ያለቅሳል። መቀሶቹ ጫፋቸው ዱልዱም ነው። ልጅዎ በግራ እጁ የሚሠራ ከሆነ እባክዎ ይንገሩን። የተለመደው መቀስ በግራ እጅ ሲያዝ የሚቆረጠውን መስመር ይሸፍናል፣ ወረቀቱንም ያጥፈዋል። ልጁ ሰነፍ ይመስላል እንጂ ጥፋቱ የመቀሱ ነው።

ኮዳ፣ ፎጣ፣ ኮፍያና ቅያሪ ልብስ የግል ናቸው። አፍና ገላ የሚነካ ነገር አንጋራም፤ ጉንፋኑም ቅማሉም እንዲህ ሊተላለፍ ይችላል። ደብተርም የግል ነው፤ የልጁን ለውጥ የምናይበት እሱ ነው።

የግል ዕቃ ላይ ሁሉ ስም ይጻፉ። ልጆቹ ገና ማንበብ ስላልጀመሩ ከስሙ ጎን ትንሽ ምልክት ይጨምሩበት፤ ኮከብ ወይም ዓሣ ይበቃል። የኮዳው ክዳን ላይም ይጻፉ፤ ቶሎ የሚጠፋው እሱ ነው። ጣፋጭ የሚሸት ላጲስ ግን አይላኩ፤ አንዳንዶቹ አፋቸው ውስጥ ይከቱታል። ልጅዎ የሚወደው የተለየ እርሳስ ካለውም ቤት ይቆይለት።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ። ቦርሳ ውስጥ የእናንተ ያልሆነ ላጲስ ወይም ከለር ብታገኙ ልጁን «ሌባ» አትበሉት። በዚህ ዕድሜ ልጅ የወደደውን ኪሱ ይከታል፤ «የኔ» እና «የሱ» ገና በደንብ አልተለዩለትም። «ይሄ የክፍላችሁ ነው፤ ነገ አብረን እንመልሰዋለን» በሉትና ጠዋት ራሱ ለመምህሯ ይስጥ። መምህሯ «አመሰግናለሁ» ብላ ትቀበለዋለች፤ በዚያው ያበቃል። በልጆች ፊት ስሙ ከጠፋ ግን ጓደኞቹ አይረሱለትም። ይህን በጣም እፈራለሁ።

የጋራውን ዕቃ የምንገዛው ከወላጆች በሚሰበሰበው መዋጮ ነው። ለጊዜው ያልተመቸው ወላጅ ለእኔ ብቻ ይንገረኝ፤ በልጁ በኩል መልእክት አይላክ። ማን እንዳዋጣና ማን እንዳላዋጣ መምህራኑም አያውቁም። ዕቃው የሁሉም ልጅ ነው።

የግል ዕቃዎቹን እስከ ዓርብ ድረስ ስም ጽፋችሁ ላኩልን። ያልገባችሁ ነገር ካለ ልጆቻችሁን ልትወስዱ ስትመጡ ቢሮ ብቅ በሉ።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር